ከመንጋጋ ቆልፍ በኋላ የሚነበቡ የሌላ ዓለም መጻሕፍት

መጀመሪያ የታወቀኝ ፉል ስበላ ነው። አዳማ፣ ሰፈራችን ካለች ቁርስ ቤት ቁጭ ብዬ ዳቦ ቆርሼ ወደ አፌ ስወስድ አፌ አልከፈት አለኝ። አንድ ጣት ያህል ተከፍቶ ቆመ። ጥርሴን ያመመኝ መሰለኝና ዳቦውን እየነከርኩ በትንሽ በትንሹ አስገባሁት። ከሰዓት በኋላ አንገቴ ደነደነ። ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ አስቴር በር ላይ አይታኝ፣ "ደግሞ ምን ያስቅሃል?" አለችኝ። እኔ አልሳቅኩም። ፊቴ በራሱ ጊዜ ተጎትቶ፣ ጥርሴ ወጥቶ ነው።

ይህን የምጽፈው ቴታነስ፣ አገሬው መንጋጋ ቆልፍ የሚለው በሽታ፣ ለያዛችሁና ሰው ለምታስታምሙ ነው። ያየሁትን ሳልጨምር እነግራችኋለሁ። ከዚያ ስታገግሙ የሚነበቡ መጻሕፍት እጠቁማችኋለሁ። ያዳነኝ መድኃኒቱ ነው። የማገገሚያውን ጊዜ ያስቻሉኝ ግን መጻሕፍቱ ናቸው።

ከዚያ ፉል ስምንት ቀን በፊት ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ነበርኩ። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የነጋዴዎችን ዕቃ ከጉምሩክ አስፈቅጄ መኪና ላይ አስጭናለሁ። ሁለት ሾፌሮች በወረፋ ተጣሉ። አንደኛው በቀለ የሚባል የሻሸመኔ ልጅ ነው፤ በመልክ አውቀዋለሁ። ስድቡ ወደ ቡጢ ዞረ። በቀለ ከመኪናው ሥር ፌሮ መዘዘ። ልገላግል መሃል ገባሁ። ለሌላው የተሰነዘረው ፌሮ የእኔን ቅልጥም አገኘው። ሥጋውን ከፍቶ አጥንቱ ጋ ቆመ። ጫማዬ በደም ሞላ። በቀለ አይኑ ደም ለብሶ ደግሞ ሊመታ አነሳ። አራት ሰው ነው የያዘው።

እያነከስኩ ቧንቧ ጋ ሄጄ ታጠብኩ፣ በሻሽ አሰርኩት። አንዱ "መርፌ ተወጋ፣ ፌሮው ዝጓል" አለኝ። ነገ አልኩ። በሳምንቱ ቁስሉ ከላይ ጠገገ። ዳንኩ ብዬ ረሳሁት።

ሆስፒታል ያየችኝ ዶክተር ሌንሳ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። አፌን በግድ አስከፍታ በቀጭን እንጨት ጉሮሮዬን ነካ አደረገችው። መንጋጋዬ ሳላዝዘው ተዘጋ። እንጨቱ ተሰበረ። እሷ አልደነገጠችም።

"ሰሞኑን ቁስል ነበረብዎት?"

ቅልጥሜን አሳየኋት። ወደ አስቴር ዞረች።

"ቴታነስ ነው። አእምሯቸውን አይነካም፤ ሁሉንም እያወቁት ነው የሚያልፉት። ድምፅ፣ ብርሃን፣ መነካካት፣ እነዚህ ሦስቱ ይጥሏቸዋል። እንዲያውም በሹክሹክታ ያውሯቸው።"

የጠገገውን ቁስል መልሰው ከፈቱት፤ የሞተውን ሥጋ ቆረጡ። መርዙን የሚያመክን አንቲቶክሲን ወጉኝ። ለጀርሙ ሜትሮኒዳዞል፣ ለጡንቻዬ ማስታገሻ ዳያዚፓም ጀመሩልኝ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት።

ከዚያ መጣ።

አንድ ሰው ኮሪደር ላይ ባልዲ ጣለ። ጀርባዬ እንደ ቀስት ተለመጠ። አልጋውን የነኩት ጭንቅላቴና ተረከዜ ብቻ ናቸው። ምላሴን ነከስኩ። ደም ዋጥኩ። መጮህ አልቻልኩም። ለቀቀኝ። ነርሷን ሳል ያዛት። እንደገና ያዘኝ። በሦስተኛው ቀን ከጀርባዬ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ኋላ ራጅ ሲነሳ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቼ ተሰብረው ተገኙ። የሰበራቸው ማንም አይደለም። የራሴ ጡንቻ ነው።

በመሃል በመሃል ሲለቀኝ በቀለን እገድለው ነበር። በሐሳቤ። መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ እጆቹን፣ መጨረሻ መንጋጋውን። ፌሮው እጄ ላይ ይከብደኝ ነበር። አላፍርበትም፤ ታማሚ ሆናችሁ እንዲህ ብታስቡ እናንተም አትፈሩ።

በአምስተኛው ቀን በቀለ ራሱ መጣ። መታመሜን ወደቡ ላይ ሰምቶ ነው። አስቴር መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ነርሷ ከበሩ ሆነህ እየው፣ ድምፅ እንዳታሰማ አለችው። አልቻለም። "ወንድሜን! ገደልኩት እኮ!" ብሎ ጮኸና እግሬ ላይ ወደቀ። ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቼን ጨምድዶ ያዘ።

ጀርባዬ ተነሳ። ደረቴ ቆመ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። አየር የለም። በቀለ ሲያለቅስ ይሰማኛል። ነርሷ ስትጎትተው ይሰማኛል። ጣሪያው ጠቆረ።

የመጨረሻ የሰማሁት የዶክተር ሌንሳን ድምፅ ነው። "ትራኪዮስቶሚ። አሁን። እዚሁ።"

አንገቴን ቀድዳ ቱቦ አስገባችልኝ። ስነቃ መተንፈሻ ማሽን ላይ ነኝ። የበቀለ ይቅርታ ከፌሮው ይልቅ ለሞት አቅርቦኝ ነበር።

አስቴር ስትመለስ የሆነውን ከነርሷ ሰምታ ወጣች፤ በቀለን ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። "ዳግመኛ እዚህ ባይህ ፖሊስ ነው የምጠራው!" አለችው። "እሺ፣ እሄዳለሁ" አለና ከጋቢናው ያመጣውን አንድ መጽሐፍ ሰጣት። "ሲሻለው አንብቢለት። ሌላ የምሰጠው የለኝም።" ልትወረውርበት ነበር፤ ለምን ቦርሳዋ ውስጥ እንደከተተችው እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሁለት ሳምንት ማሽኑ ላይ ቆየሁ። ጡንቻ ለማላላት የጨመሩልኝ ማግኒዚየም ሰልፌት ሥራውን ሲሠራ፣ በቀን አርባ ጊዜ ይጥለኝ የነበረው ወደ አምስት፣ ወደ ሦስት ወረደ። አስቴር ዝም ብሎ መቀመጡ ሲከብዳት መጽሐፉን አወጣችና ጆሮዬ ሥር በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረች። ሽፋን የለውም፤ ርዕሱን አሁንም አላውቀውም። ፀሐይ ፈጽሞ የማትጠልቅበት ፕላኔት ላይ ጥላ እየቆረጡ ስለሚሸጡ ሰዎች ነው። አንዲት ሴት ከሟች እናቷ የወረሰችው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስጠልል ትንሽ ጥላ አላት፤ ልጅ በሙቀት የታመመበት ሰው ይመጣና ሽጪልኝ ይላታል።

እዚህ ላይ አስቴር መጽሐፉን አጠፈችና "የማን እንደሆነ ልንገርህ?" አለችኝ። ነገረችኝ። ቱቦው መናገር ስለከለከለኝ ወረቀት ላይ "ጣይው" ብዬ ጻፍኩ። ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ሁለት ቀን ጣሪያ እያየሁ ቻልኩት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ጠየቅኩና "ሸጠችለት ወይስ አልሸጠችለትም?" ብዬ ጻፍኩ። አስቴር ሳቋ እንዳያስደነግጠኝ አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አሮጌ ተራ ብታገኙ፣ የጥላ ነጋዴዎቹ ከሆነ አትለፉት። ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ዳያዚፓሙ እንቅልፍ ላይ ሳይጥላችሁ አንዱን ትጨርሳላችሁ፤ ሴትየዋ የምታደርገውንም ከእኔ አትሰሙም።

ቱቦው ወጥቶ፣ ክራንች ይዤ ወደ ቤት ከገባሁ በኋላ በቀለ ከሻሸመኔ በተመላለሰ ቁጥር አንድ አንድ መጽሐፍ ለጎረቤታችን እየሰጠ ይሄድ ጀመር። ከእነዚህ ውስጥ ለጀማሪ የምመርጠው «ወንዙ ችሎት ቀረበ» የሚለውን ነው፤ መንገዱን ለውጦ ሁለት መንደር ያስታረቀ ወንዝ በመሬት ሌብነት ተከሶ፣ ምስክርነቱን በአንዲት ጠንቋይ አፍ ሲሰጥ እያነበብኩ ከሕመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ሳቅኩ። ግን ጀርባችሁ ሳይጠገን እንዳትጀምሩት፤ ሳቁ አጥንት ድረስ ነው የሚወጋው። «የብረት ክንፍ» የሚለው የዘንዶ ጦርነት ደግሞ እጅግ ግሩም ነው፤ ከተሞች ይነዳሉ፣ ሰው እንደ ገለባ ይረግፋል፣ ከጀመራችሁት አታስቀምጡትም፤ ሆኖም እኔ ቸኩዬ አንብቤው ልቤ እስኪዘል፣ አንገቴም እስኪደነድን ድረስ ፈርቻለሁና ሐኪማችሁ ደህና ነው ሳይል አትንኩት፤ ወፍራም ስለሆነም የደከመ ክንድ አይችለውም፣ አንሶላ ጠቅልላችሁ ደረታችሁ ላይ አስደግፉት።

በሦስተኛው ወር ሽማግሌዎች በቀለን ይዘው ቤታችን ገቡ። ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆመ። የአስቴር አጎት ጋሽ ኃይሉ "አውርድ፣ ግባ" አሉት። ካሳው፣ ምርቃቱ አለቀ። ሻይ ሲቀርብ የቆየብኝን ጠየቅኩት።

"አንተ እንዲህ የምታነብ ሰው፣ ያን ቀን ምን ነካህ?"

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ወደቡ በር ላይ ሦስት አራት ቀን ስንሰለፍ የሚይዘኝ ማንበቡ ነው፣ ወንድሜ። ያን ቀን መጽሐፍ አልቆብኝ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ይቅር ብለኸዋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አብዛኛውን ቀን አዎ። ብርድ ሲሆንና ጀርባዬ ሲይዘኝ አይደለም። መጽሐፍ ግን እንዋዋሳለን።

ዶክተር ሌንሳን፣ ሳትሰለች ከጉሮሮዬ አክታ የምትመጥጠውን ነርስ፣ ለሳምንታት በሹክሹክታ የኖረችውን አስቴርን አመሰግናለሁ። ዶክተሯ ስታሰናብተኝ ያለችኝን ለእናንተ አደራ እላለሁ። "በሽታው ራሱ አይከትብም፤ ዳንኩ ብለው ክትባቱን ቢተዉ ተመልሶ ሊይዝዎት ይችላል።" እኔ ከሆስፒታል ሳልወጣ ጀምሬ፣ ቀሪውን በቀጠሮ ጨርሻለሁ። እናንተም የዛገ ነገር፣ እሾህ፣ አፈር የገባበት ቁስል ካለባችሁ በውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ከዚያ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል። አንድ መጽሐፍ ያዙ።