ሙዚቃውን አስጠፍተን የመረጥነው መብራት

ሥራ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ወዲያው መሰላል ላይ የሚያወጡኝ መስሎኝ ፒንሳዬን በኪሴ ይዤ ሄድሁ። የባህል አዳራሹ የመብራት ክፍል ኃላፊ አቶ ልመንህ ግን የመጨረሻውን ረድፍ ወንበር አሳዩኝና «ተቀመጥና ልምምዱን ስማ» አሉኝ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ የክፍሉ ሠራተኛም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«እኔ እኮ የመብራት ሠራተኛ ነኝ» አልሁ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ስማ የምልህ።»

ልምምዱ ሲያልቅ መጥተው ምን እንደ ሰማሁ ጠየቁኝ። ተዋንያኑ ያሉትን መዘርዘር ስጀምር አቋረጡኝ። ከመድረኩ በስተግራ ያለው ዲመር፣ ማለትም መብራቱን የሚያደምቀውና የሚያደበዝዘው ሣጥን፣ ልምምዱን ሙሉ ሲያንጎራጉር ኖሯል። እኔ ጭራሽ አልሰማሁትም። የመጣሁት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከሽመና ክፍል ነው። እዚያ ሰው የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው፤ የማሽን ጩኸት ለእኔ ዝምታ ነበር።

«ተመልካች የሚመጣው የሰው ድምፅ ሊሰማ ነው፤ የእኛ ዕቃ አብሮ አያወራም» አሉኝ። በልቤ «እኒህ ሰውዬ ነገር ያበዛሉ» እያልሁ ወጣሁ። ዲመሩን ለመስማት ወራት ፈጀብኝ።

በዚያ አዳራሽ ፀጉሬ እስኪሸብት ሠራሁ። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠን የመብራት ቆብ እንሠራ ነበር፤ ባለቀለም ላስቲክ በእሳት እንዳይቀልጥ ከአምፖሉ አርቀን በሽቦ እናስር ነበር። የሚንቀሳቀስ መብራት ሲያስፈልግ የምንቀሳቀሰው እኔው ነኝ። የቆዳ ጓንት አጥልቄ የጋለውን መብራት እያዞርሁ ተዋናዩን እከተላለሁ። አንድ ተዋናይ በስካር ከጽሑፉ ውጭ በሄደ ቁጥር እኔም አብሬው እንከራተት ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ የቀበሌ አዳራሽ የሚሠራ የሰፈር ቴአትር ቡድን አስጠራኝ። ሰብሳቢዋ ሰላማዊት ከአዳማ ለሥራ የመጣች የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ፈጣን፣ እሺ ሳይሏት የማትነሣ ልጅ። የያዙት ቴአትር በታንኳ ጣና ላይ ወጥቶ ስለ ቀረ ዓሣ አስጋሪና በሩን ከፍታ ስለምትጠብቀው ሚስቱ ነው።

«ጋሽ ሙላት፣ ወጣቱ እየራቀን ነው» አለችኝ። «የሠርግ አዳራሽ መብራት እንኳ ይዞራል፤ የእኛ ተቸንክሮ ቀርቷል። ሐይቁ መድረክ ላይ ካልተንቀሳቀሰ ማን ይመጣልናል? አቅማችንን የማይጎዳ ይምረጡልን።»

ሚስቲቱን የሚጫወቱት እትዬ ብርቄ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ድምፃቸው ያለ ማጉያ አዳራሽ ይሞላ ነበር። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ግን ድምፃቸው ቀጠነ፤ መድረክም እርም አሉ። ሰላማዊት ለምና ለምና ነው ያመጣቻቸው። የተቀበሉትም «በዚች ካልተሰማሁ ሌላ አልሞክርም» ብለው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

መብራት ፍለጋ ሰይድ ሱቅ ሄድን። የሰይድ ቤተሰብ ከአያት ጀምሮ ሐይቁ ዳር ጀልባ ሠሪ ነው፤ እሱ ግን ለሠርግ ድምፅና መብራት ያከራያል፣ ይሸጣልም። በሩ ላይ ቁመቴን የሚያክል ድምፅ ማጉያ ቆሞ እስክስታ ያስመታል። ልጆቹ «ሙቪንግ ሄድ» የሚሏቸውን፣ አንገታቸው የሚዞር መብራቶች፣ ተራ በተራ አበራልን። ሰላማዊት አጨበጨበች። መነጋገር ስለማይቻል እንደ ሽመና ክፍል በእጅ ምልክት ተግባባን፤ እኔማ አገሬ የገባሁ ያህል ተመቸኝ። አራት ብርቱ ብርቱዎቹን መረጥን። ሰይድም ደግ ልጅ ነው፣ «ሞክሯቸውና ካልተስማሟችሁ መልሱልኝ» አለ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛም ቅዳሜ ከሰዓት መልቀም ጀመርን።

አራቱን መድረኩ አናት ላይ ባለው ቧንቧ ሰቀልኋቸው። ሲዞሩ ወጣቶቹ በፉጨት ተቀበሏቸው። ከዚያ የእትዬ ብርቄ ትዕይንት ደረሰ። መድረኩ ጨለመ፤ እትዬ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡና ዝግ ባለ ድምፅ መናገር ጀመሩ። እኔ በልማዴ የመጨረሻው ረድፍ ነበርሁ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የምሰማው ግን የመብራቶቹን ማራገቢያ ነው። እንደ ተቆጣ የንብ ቀፎ እዝዝዝ ይላል።

በዚህ ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ሄዶ ተመለሰ። እነዚህ ዕቃዎች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ራሳቸውን ይፈትሻሉ፤ አንገታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አዙረው ያላቸውን ቀለም ሁሉ ይረጫሉ። የሐዘንተኛዋ ቤት ጭፈራ ቤት ሆነ። ወጣቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እትዬም መጀመሪያ አብረው ሳቁ፤ ቆይተው ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

ሰላማዊት ማይክሮፎን አመጣች። አንገታቸው ሥር ብናስርላቸው የማራገቢያውንም ጩኸት አብሮ አጎላው። ፈታነው።

እትዬ ነጠላቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ልጆቼ፣ መብራቱ ያምራል። ወጣቱንም የሚያመጣላችሁ እሱ ነው። የእኔን ቦታ ለሌላ ስጡልኝ» አሉ። ቅሬታ የለበትም፤ ተማሪ እንደሚያሰናብቱ ነው የተናገሩት። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቼ፣ ያመጣሁት ዕቃ ሰው ከመድረክ ሊያስወርድ ነው።

«እትዬ፣ አይሆንም» አልኋቸው። «ሰኞ አብረን ሰይድ ሱቅ እንሄዳለን።»

«እኔ ስለ መብራት ምን አውቄ?»

«የመድረክ ቃልዎን ብቻ ይዘው ይምጡ።»

ሰኞ ስንደርስ ያው እስክስታ ነው። «ሰይድ፣ ሙዚቃውን አጥፋልኝ» አልሁ።

«ኧረ ጋሼ! ሙዚቃው ከጠፋ እኮ ሱቁ የተዘጋ ነው የሚመስለው።»

«በቃ፣ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቷል።»

እየሳቀ አጠፋው። እትዬ ብርቄን ከጓዳ በኩል አንድ ሣጥን ላይ አስቀመጥኋቸው፤ እኔ በሩ ላይ ቆምሁ። ሰይድ አንድ መብራት ያበራል፣ እትዬ ቃላቸውን ይላሉ፣ እኔ «አይሰማም» ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሌላ ያበራል፣ እነቀንቃለሁ። ነገሩ ግልጽ ነው። ብርቱ መብራት ብርቱ ሙቀት አለው፤ ያን የሚያበርድለት ማራገቢያም ብርቱ ነው። ሽመና ክፍል የለመደ ጆሮዬ እንዳይሸነግለኝ አብራን የመጣችውን ሰላማዊትን ከጎኔ አቆምኋት። እሷም ነቀነቀች።

«ከእነዚህ ደከም ያለ የለህም?» አልሁት።

«ጋሼ ይሙቱ፣ ደካማ ስጠኝ ያለኝ ደንበኛ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት!» ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጡ ሁለት ትንንሽ መብራቶች ጎትቶ አወጣ። «መራዊ ከተማ ለሠርግ ወስደናቸው ሙሽራዋ ‹ባትሪ ነው እንዴ ያመጣችሁልኝ› አለች። ከዚያ ወዲህ የጠየቃቸው የለም።»

ኤል ኢ ዲ ናቸው፤ ብዙም አይግሉም። ውስጣቸው መስመር የተቀረጸበት መስታወት አለ፤ ዝግ ብሎ ሲዞር ግድግዳው ላይ የውኃ ሞገድ ይወርዳል። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥሁ፤ ማራገቢያቸው የተኛ ሰው ያህል ይተነፍሳል። ለእትዬ ምልክት ሰጠኋቸው።

«ውኃው ወስዶት እንደሁ ውኃው ይመልሰው። እኔ በሬን አልዘጋም» አሉ።

በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ወደ ውጭ ወጣሁ፤ አስፋልቱ ጠርዝ ላይም ሰማሁ። ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባለባጃጅ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያይ ነበር። «አባቴ፣ ማን ነው የጠፋባቸው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፤ ሰውየውን ትከሻውን ይዤ ሳምሁት። ሰይድ ሳቁን ትቶ ነበር። «ባሕሩ ዳር ያደገ ሰው ይችን ቃል ያውቃታል» አለና አራቱን ተቀብሎ ሁለቱን በምንችለው ዋጋ ሰጠን።

ወጣቶቹ አኮረፉ። «ጋሽ ሙላት፣ ይሄ እኮ አይመታም!» አሉኝ። የሠርግ አዳራሽ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ከሌላ መብራት ጋር ይታገላል፤ የእኛ አዳራሽ ግን ጠባብ ነው፣ ጨለማውም ነፃ ነው ብዬ መለስሁላቸው። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንን፤ ከመድረኩ ጀርባ ሰማያዊ የነከርነውን አቡጀዲ ወጠርን። ሁለቱን መብራቶች ከግራና ከቀኝ ዝቅ አድርጌ አስሬ ፍጥነታቸውን እስከ መጨረሻው ቀነስሁት። አቡጀዲው ላይ ጣና ተነሣ። ካኮረፉት አንዱ ሄዶ ጨርቁን ነካው።

ኃይሉ ሲቆራረጥ እንዳያብዱ ሰላማዊት ለኮምፒውተር የሚሆን ዩፒኤስ፣ ኃይል ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ ከቤቷ አመጣች። ትልልቆቹን አይችላቸውም ነበር፤ ትንንሾቹን ያለ ችግር ተሸከማቸው።

ቴአትሩ እሑድ ከሰዓት ተከፈተ። ከመሸንቲ አንድ የተማሪዎች ቡድን መጣ፤ ባለባጃጁም ሚስቱን ይዞ መጣ፤ ሰይድ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ወንበሩ ሁሉ አልሞላም፤ ግን ካሰብነው በላይ ነበር። አቶ ልመንህም ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ፊት ወንበር አስይዤላቸው ነበር፤ አልፈውኝ ሄደው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

የእትዬ ብርቄ ትዕይንት ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። የመግቢያው አምፖል ጠፋ፤ ውኃው ግን አቡጀዲው ላይ መሄዱን አላቋረጠም። በዚያ ጨለማ እትዬ ቃላቸውን አሉ። እኔ መቆጣጠሪያው ላይ ሆኜ አለቀስሁ።

ሲያልቅ ወደ አቶ ልመንህ ሄጄ «መብራቱ እንዴት ነበር?» አልኋቸው።

«የምን መብራት?» አሉ ከዘራቸውን እየፈለጉ። «ብርቄን ሰማኋት።»

መድረኩ ላይ እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሰላማዊትን ያናግሯታል። ቀረብ ስል የሚቀጥለው ቴአትር ምን እንደ ሆነ እየጠየቋት ነበር።

ለትንሽ አዳራሽ የሚዞር መብራት የምትገዙ ሁሉ፣ መጀመሪያ የሱቁን ሙዚቃ አስጠፉ። ድምፁ ከሁሉ የሚያንሰውን ተዋናያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ከመብራቱ አጠገብ አስቀምጡ፤ እናንተ በሩ ላይ ቁሙ። ከተሰማ ግዙት። ካልተሰማ ይቅርባችሁ።