ከአማቴ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ

ባሌ ሥራ በሚወጣበት ቀን ሽቶ አይቀባም፤ እኔም ተቀብቼ እንድጠጋው አይፈልግም። ስንጋባ ይህን ማን ነገረኝ! ጠዋት ጠዋት አንገቱ ሥር ልገባ ስል ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ሌላ ሴት ያለችው መስሎኝ ስንት ቀን ተብከነከንኩ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ፋብሪካና ነዳጅ ማከማቻ አካባቢ፣ ተበክሏል ተብሎ ከሚጠረጠር ቦታ ሁሉ፣ ከመሬት ሥር ውሃ እየቀዳ ለላቦራቶሪ የሚያስረክብ ሰው ነው። የእጅ ቅባት ወይም መኪና ሲሞላ ጣት ላይ የቀረች የነዳጅ ጠብታ ናሙናው ውስጥ ከገባች ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ነዳጅ የሚሞላው ከዋዜማው ነው፤ የተሰነጣጠቀ እጁንም የምቀባለት በዕረፍቱ ቀን ብቻ ነው። ጓንት ሲቀያይር ያየው ሐኪም ነው ይለዋል፤ እኔ ግን የጉድጓድ አዋላጅ እለዋለሁ።

ይህ ሰው አንድ ቀን የገዛ እናቱን ጉድጓድ መቅዳት ግድ ሆነበት።

አማቴ የሚኖሩት ከአንድ አሮጌ ነዳጅ ማከማቻ በታች ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። አማቴ ከቧንቧው ይልቅ ይህ ይጥማል እያሉ እንግዳ ሳያጠጡ አይሸኙም። ማከማቻው ውስጥ የተቀበረ ታንከር ማፍሰሱ ሲታወቅ የሰፈሩ ጉድጓድ ሁሉ ይመርመር ተባለ። አለቃው «ለእናትህ ቤት ሌላ ሰው ልላክ?» ቢለው «ለሌላ ሰው በር አትከፍትም» አለ። እውነቱን ነው። ግን ክፉ ነገር ከተገኘም ከእሱ አፍ እንዲሰሙት ፈልጎ ነው።

አብሬው ሄድኩ። ቀጭኑን ቱቦ አውርዶ ፓምፑን አስነሳና ተኝቶ የቆየው ውሃ እስኪወጣ፣ የመለኪያው ቁጥር መዋዠቁን እስኪተው ጠበቀ። ከዚያ ውሃውን በጠርሙሱ ጎን ቀስ እያደረገ ያወርድ ጀመር። ትንሽ የአየር አረፋ ከቀረች እንኳ በውሃው ውስጥ ቤንዚን ካለ ወደ እሷ ሸሽቶ ያመልጣል። የመጨረሻውን ሊከድን ሲል አማቴ፣ ልጄ መጣ ብለው ጸጉራቸውን ተቀብተው፣ ሽቶ አርከፍክፈው፣ ከኋላው መጥተው ጥምጥም አሉበት።

ጠርሙሶቹን ሁሉ ደፋቸው።

«ምነው?» አሉ ደንግጠው።

«እማ፣ ሽቶሽ ገባበት። እንደ አዲስ መጀመሬ ነው።»

«የእናትህ ሽታ መርዝ ሆነብህ? ጉድ እኮ ነው!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እኔ ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም። ጓንቱን ቀይሮ፣ ሌላ ጠርሙስ አውጥቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሲጨርስ እያንዳንዱን እየዘቀዘቀ በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ አረፋ የለም። በረዶ የሞላው ሳጥን ውስጥ እንደ ጨቅላ ሕፃን ጎን ለጎን አስተኛቸው።

ውጤቱ ቤንዚን አለበት የሚል ሆነ። ራሱ ሊነግራቸው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። «ከእንግዲህ እንኳን ለመጠጥ ለማጠቢያም አትንኪው» አላቸው። አማቴ አላለቀሱም። ግድግዳው ላይ ያለውን የባለቤታቸውን ፎቶግራፍ ቀና ብለው አዩ። የሞቱት በደም ካንሰር ነው፤ ቤንዚን ደግሞ ይህን በሽታ እንደሚያመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ ሌላ ውሃ አልጠጣም ይል ነበር» አሉ። «እየቀዳሁ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ንገረኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ታንከሩ መቼ ማፍሰስ እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። ባሌም አያውቅም።

«አይደለም እማ» አለ። «ያኔ ውሃው ንጹሕ ነበር። ማፍሰስ የጀመረው አባዬ ካረፈ በኋላ ነው፤ በመሣሪያ ታይቷል።»

«ተመስገን» አሉና እጁን ሳሙት። እሱም እፎይ ብሎ የጉድጓዱን አፍ ሊያሽግ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ አማቴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዳወቅኩበት ግን እንዳትነግሪው፣ ልጄ። እናቴን አሳረፍኳት ብሎ እሱ ይረፍ።»

ሲመለስ ስቀው ተቀበሉት።