ፈረስ የሌለበት ወንዝ

የአለቃ ኃይለመስቀል ልጅ እልፍነሽ ያደገችው ቀለም እየፈጨች ነው። አባቷ ከሰሜን ወደ ሐረር የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲጠፋ ብሩሹ ወደ እሷ እጅ ገባ።

በ፲፱፻፲፰ ዓ.ም. ክረምት ባሻ ለገሠ ከፈረስ መጋላ ገበያ ነጭ አቡጀዲ ገዝተው አመጡላት። ከሕመማቸው ቢድኑ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ሊያሥሉ ተስለው ነበር፤ እንደ ልማዱም ከሥሩ እሳቸው ተደፍተው ሲማጸኑ እንዲታዩ።

እልፍነሽ ከቅዱሱ በስተጀርባ ከሚታየው አገር ጀመረች፤ ከኤረር ወንዝና ዳር ዳሩን ከቆሙት ሾላዎች። አባቷ ውሃን እንደ ሹሩባ ጎንጉነው፣ ዓሣ ጨምረውበት ነበር የሚሥሉት። እሷ መስመሩን ተወችው። ሰማያዊውን አቅጥና ቀባችና ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፤ የአቡጀዲው ንጣት ከሥር ብርሃን ሆኖ ቀረ። የሾላዎቹን ጥላ ቁልቁል ለቀቀችው። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ዝምታ ሥዕሉ ላይ ሲያርፍ፣ ለፈረሱ የተወችውን ባዶ ቦታ አየች። ኮቴው ያንን ውሃ ሲያደፈርሰው ታያት። ቦታውን በውሃ ሞላችው።

ባሻ መጡ።

«ሰማዕቱስ የት አለ?»

«የለም፣ ባሻ።»

«ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ ወርዶ ይሆናላ! አንቺ ልጅ፣ ያለ ቅዱስ ሥዕል የት አገር ታይቷል? ዛሬውኑ አስገቢው።»

«እዚህ ላይ ማንም አይገባም።»

ብሩሹን በጨርቅ ጠርጋ አስቀመጠች።

አለቃ ከመደቡ ላይ ሆነው «ልጄ፣ ጨርቁ እኮ የባሻ ነው» አሏት።

እውነት ነበር። ተነሥታ ለመጪው ሰርጓ የተሸመነውን ኩታ ከሣጥኗ አወጣችና ባሻ ፊት ዘረጋችው።

«ይኸው ጨርቅዎ። ሰማዕቱን በዚህ እሥላለሁ። ያኛው የኔ ነው።»

«አብደሻል! ምን ለብሰሽ ልትዳሪ?»

«ተውሼ።»

«ስለቴን እንዳቃለልሽብኝ ለካህናቱ ባልናገር!»

«ይናገሩ። ግን አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ከሥሩ ሲደፉ ባለ ስንት ዓይን አድርጌ ልሣልዎ?»

አለቃን ሳቅ አመለጣቸው። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ከሓዲ በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሣል የማያውቅ ክርስቲያን አልነበረም። ባሻ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ባለ ሁለት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ባለ ሁለት ሆኑ። አንደኛው ዓይናቸው ግን ከሌላው ያንስ ነበር።

እልፍነሽ በተዋሰችው ኩታ ተዳረች፤ ወንዙን ጠቅልላ ይዛ ባሏ ቤት ገባች። አማቷ ሥዕሉን አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ ሰው የለበትም እኮ» ቢሏት፣

«የለበትም» አለችና መስቀያውን ምስማር ግድግዳው ላይ ራሷ መታች።