ማርታ እንዳላገባች ለመመስከር ወደ ካዛንቺስ

በክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የመዝገብ ሠራተኛዋ፣ ወጣት ሴት፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተቀምጣለች። ወንድሜ ተስፋዬ የውክልና ወረቀቱን ይዞ ከጠረጴዛው በስተቀኝ ቆሟል። የድሮ ጎረቤታችን አቶ ከድር ኮፍያቸውን አውልቀው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ወንበር ቢሰጡኝም አልተቀመጥኩም። እዚያ ክፍል እንዴት እንደደረስኩ ከመነሻው ልጻፍ።

ከአዳማ መነሳት

የእህቴ ልጅ ማርታ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ሆቴል ትሠራለች። እናቷ ከሞተች በኋላ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እዚያው ጆሴፍ የሚባል መምህር ልታገባ ነው። የአገሩ ጋብቻ መዝጋቢ ከውጭ ዜጋ ፓስፖርትና የልደት ማስረጃ ብቻ አይቀበልም፤ ከትውልድ አገሯ ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ፣ የተተረጎመና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይጠይቃል። ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ማርታ ለተስፋዬ ውክልና ላከችለት፤ እሱም ደውሎ፣ "እትዬ፣ አንቺ መጥተሽ ከመሰከርሽ በአንድ ቀን ያልቃል" አለኝ። ምን ብዬ እንደምመሰክር አልጠየቅሁትም።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በፈጣን መንገዱ ግራና ቀኝ ማሳው ታጭዶ ክምሩ ብቻ ቀርቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እግሯ ሥር የቲማቲም ሣጥን ይዛለች።

"ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት፣ እናቴ?"

"ለምስክርነት።"

"ፍርድ ቤት? ውይ!"

"አይደለም። የጋብቻ ጉዳይ ነው።"

"እሰይ! እሱስ ደግ ነገር ነው" አለችና አንድ ቲማቲም በመሐረብ ጠርጋ ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሦስት ሰዓት፣ ኦሎምፒያ

ከቃሊቲ መናኸሪያ በሁለት ታክሲ ኦሎምፒያ ደረስኩ። ተስፋዬና አቶ ከድር አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ፉል አዝዘው ይጠብቁኛል።

"ወይዘሮ አስካለ! የአዳማ ሙቀት አላቀለጠዎትም እንዴ?" አሉ አቶ ከድር፣ ተነሥተው።

"እርስዎንስ የአዲስ አበባ ብርድ መች አደረቀዎት?"

"እኔን ያደረቀኝ ፎቅ ነው። ስድስተኛ ፎቅ ሰጡኝ፤ ሊፍቱ ሲቆም ሽንኩርት የረሳሁ ቀን ያለ ሽንኩርት እበላለሁ።"

ፉሉ ጥሩ ነበር፤ ቃሪያው በዝቶበታል። ዋጋው ባለፈው ስመጣ ከነበረው በእጥፍ ጨምሯል። ተስፋዬ ሰዓቱን እያየ አቻኮለን።

ወደ ካዛንቺስ በእግራችን ሄድን። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ነው፤ አሁን ግን መንገድ እየጠየቅሁ ነው የምሄድበት። የቆርቆሮ ቤቶቹ ፈርሰዋል። አስፋልቱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መሄጃ መስመር ተቀብቷል፣ ሣር ተተክሏል። አቶ ከድር ድንገት ቆሙ።

"ግቢያችሁ እዚህ ነበር መሰለኝ። የማርታ ድንኳን የተተከለው ከዚህ ነው ወይስ ከዚያ ማዶ?"

"ጋሽ ከድር፣ እሱን ይተዉት" አለ ተስፋዬ።

ማርታ አንድ ጊዜ ተድራለች። በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ በሰማንያ፤ ሽማግሌዎች ፊት ውል ተጽፎ፣ ከሁለቱም ወገን ምስክር ፈርሞ። ማዘጋጃ ቤት አልተመዘገበም። በስምንተኛው ወር እነዚያው ሽማግሌዎች ተቀምጠው አለያዩዋቸው፤ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው አልነበረም። በሰፈራችን ይህ እንደ ፍቺ ይቆጠር ነበር። እኔም መንግሥት የሚጠይቀኝ ስለ መዝገቡ ብቻ መስሎኝ ነው የመጣሁት። ሣሩን ሳይ ግን ነገሩ የተፈጸመበት ቦታ እንኳ እንደሌለ አሰብኩ፤ ሐሳቡ ቀለል እንዳደረገኝ ሳውቅ ደስ አላለኝም።

አምስት ሰዓት፣ ጽሕፈት ቤቱ

በሩ ላይ በክፍያ የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች ቆመው፣ "ምስክር የጎደለው አለ?" እያሉ ይጠይቃሉ። ተስፋዬ "ሙሉ ነን" ብሎ አለፋቸው።

ሠራተኛዋ መታወቂያችንን ተቀብላ ቅጹን አነበበች። "ማርታ እስከ ዛሬ ድረስ በመዝገብ ሹም ፊትም ሆነ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ጋብቻ ፈጽማ እንደማታውቅ በመሐላ አረጋግጣለሁ። እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"በባህል የሚለውን ድገሚልኝ፣ ልጄ።"

ደገመችልኝ።

"አግብቶ የተለያየ ሰውስ?"

"እሱ ቅጹ ሌላ ነው። ሕጉ ሦስቱንም ዓይነት ጋብቻ እኩል ነው የሚያየው፤ ስለዚህ የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ይቀርባል። ወረቀቱም 'የተፋታች' ይላል፤ በዚያም ማግባት ትችላለች።"

"እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት ነው የጠየቀችሽ" አለ ተስፋዬ፣ እየሳቀ። ሠራተኛዋ አልሳቀችም።

ልጅ ወደ ውጭ ለሚድሩ ሁሉ የምለው ቢኖር፣ ቅጹን ከጉዞው በፊት አስነብቡ ነው። እኔ ያነበብኩት ብዕር ከተሰጠኝ በኋላ ነው።

ኮሪደር ወጥቼ ለማርታ ደወልኩ።

"እቴቴ፣ ስምንት ወር ምን ጋብቻ ነው? በሽማግሌ ተለያየን፣ በቃ አለቀ!"

"ጆሴፍ ያውቃል?"

"ተስፋዬ አጠገብሽ ነው?" አለችኝ።

"ማርታ።"

"አያውቅም። ቤተሰቡ ከገጠር ሊመጣ ነው። አሁን ብነግረውና ቢተወኝስ?"

"አላውቅም።"

"እናቴ ብትኖር ትፈርምልኝ ነበር።"

ልትፈርም ትችል ነበር። እህቴ ከእኔ ይልቅ ደግ ነበረች።

"ዛሬውኑ ንገሪው" አልኳት። "ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ይስማ። እኔ ልገባ ነው።"

ዝም ብዬ ብሄድ ተስፋዬ በር ላይ ካሉት አንዱን ጠርቶ ያስፈርማል። ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

"አግብታ ነበር" አልኩ። "በሰማንያ። ውሉ ላይ ፈርሜያለሁ። ያኔ አገባች ብዬ ፈርሜ፣ ዛሬ አላገባችም ብዬ አልፈርምም።"

"እትዬ! ምን አደረግሽ?"

አቶ ከድር ወለሉን እያዩ፣ "እኔም ፈርሜያለሁ" አሉ።

ሠራተኛዋ ቅጹን ለሁለት አጠፈችው። "እንግዲያው ልጅቷም የቀድሞ ባሏም ፍቺውን በፍርድ ቤት ያስጸድቁ። ውሳኔውን ስታመጡ እኔው አስተናግዳችኋለሁ።"

"በሦስት ሳምንት ይደርሳል?" አለ ተስፋዬ።

"ቃል አልገባም።"

ተስፋዬ ወደ እኔ ዞረ። "ለማርታ ማን ይነግራታል?"

"ታውቃለች" አልኩት። መታወቂያዬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ወጣሁ።