አሥረኛዋ ተመልካች

መሳይ ከአዳማ መናኸሪያ ጀርባ ባለው ሲኒማ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቲኬት ስትቆርጥ አንድም ፊልም ገብታ አይታ አታውቅም። ይህን ለሰው ስትናገር የሚያምናት የለም። "ወንዝ ዳር እየኖሩ እንዴት እግር ሳይታጠቡ?" ይሏታል። እሷ ግን መስኮቷ ሥር የሚያልፈውን የሰው ፊት ማየት ይበቃታል። ተኮሳትሮ የገባው ፈክቶ ከወጣ ፊልሙ ወር ይቆያል፤ እየሳቀ የገባው ስልኩን እየጎረጎረ ከወጣ ሳምንትም አይሞላ። የአዳራሹ ባለቤት አቶ ጫምሳ እንኳ ከማንም በፊት እሷን ነው የሚጠይቀው።

"ሰላዩ ሚዜ" የሚባለው ፊልም ገና ቅዳሜ ሲከፈት ነው ነገሩ ያላማራት። ስለ ሰላይ የተሠራ ኮሜዲ ነው ተብሎ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሚዜ የሙሽራ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይበት ፖስተር በየግድግዳው ተለጥፎ ነበር። ባጃጅ ተከራይተው በድምፅ ማጉያም አስለፈፉለት። ምን ዋጋ አለው! ቅዳሜ አርባ አንድ ሰው ገባ። እሑድ ሃያ ስድስት። ሰኞ አሥራ ሦስት። ስድስት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሦስት ሰው ድስት ቂጥ ላይ የቀረ ሽምብራ ማለት ነው።

"እህ፣ መሳይ? ምን ትያለሽ?" አላት አቶ ጫምሳ መስኮቷን ተደግፎ።

"ያውርዱት ጋሼ። ሰው ፊቱን እንዳስገባው ነው ይዞት የሚወጣው።"

"ሳቅ ግን ሰምቻለሁ እኮ።"

"የሚስቀው አብዱናሲር ነው።"

አብዱናሲር ማሽኑን የሚያሠራው ሰው ነው። ከደረጃው ላይ ሆኖ፣ "እኔም የምስቀው በፊልሙ አይደለም፤ ገንዘባቸውን ባወጡለት ሰዎች ነው" አለ።

ይህን ሲባባሉ ሞቲ አጠገባቸው ቆሟል። ሞቲ ፊልሙን ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ጠባቂ ነው። ፊልም ብቻውን መንገድ አይወጣም፤ እንዳይሰረቅ ሰው ይከተለዋል። ሞቲም ሃርድ ዲስኩን በትንሽ ቦርሳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ምሳ ሲበላ እንኳ አያወልቀውም። ፊልሙ ሲታይ በር ላይ ቆሞ ተመልካች ይቆጥራል፤ ስልክ ያወጣ ካለ በቁጣ ያስከትታል። ከአሥር ሰው በታች ከሆነ አይታይም፤ የመጣው ይሸኛል፣ ሞቲም ዲስኩን ይዞ ይመለሳል። ውላቸው እንዲህ ነው።

ማክሰኞ በስምንት ሰዓቱ ዘጠኝ ሰው ገባ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ሲሉ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። አሥረኛ ጠፋ። ውስጥ ያሉት ወንበር መደብደብ ጀመሩ።

"አንቺ መሳይ" አለ አብዱናሲር፣ "ግቢና አሥር አድርጊን በቃ!"

"እኔ?"

"አዎ፣ ዓይን የለሽም?"

አቶ ጫምሳ ሳቀ። "ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቃ፣ ጠብቃ ለዚህ ልትገባ!"

እሷም እየሳቀች ለራሷ ቲኬት ቆረጠችና ገባች። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሰላዩ ሚዜ መስሎ ሠርግ ይገባል፤ የሙሽራዋ አጎት ያባርረዋል፤ ሮጦ፣ ሮጦ እህል ገበያ ይገባና ባዶ ኬሻ ውስጥ ይደበቃል። መሳይ ማዛጋት ጀምራለች። ወዲያው አንድ ተሸካሚ መጣ። ኬሻውን እህል መስሎት ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ሄዶ መኪና ላይ ጫነው፤ ላቡን በክንዱ ጠረገና ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው።

መሳይ ከወንበሯ ተነሳች። "ኪሩ!" ብላ ጮኸች። "ኪሩዬ! ወንድሜ!"

ዘጠኙም ዞሩ። "እትዬ፣ ፊልም ነው እኮ!" አለ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፊልሙ ከተከፈተ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሳቅ አልተሰማም።

ኪሩ የሞተ ሰው ነው። የእናታቸው የእትዬ አበበች የመጨረሻ ልጅ፣ መሳይ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የእናቱን የምትታለብ ላም ሳያስፈቅድ ሸጦ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ጠፋ። በወሩ ጀልባዋ መስጠሟ ተሰማ፤ ከትውልድ ከተማቸው ከደራ አብረውት ከሄዱት አንድም አልተረፈም ተባለ። መርዶ ተነገረ። ሬሳ በሌለበት ድንኳን ተተከለ፣ ሦስት ቀን ተለቀሰ፣ በአርባው ተዝካር ወጣ። እትዬ አበበች ከዚያ ወዲህ ጥቁሯን አላወለቀችም። እንግዲህ ያ ሰው ነው ኬሻ ተሸክሞ የሳቀው!

መሳይ ሮጣ ወጥታ የሞቲን እጅ ያዘች። "ያንን ቦታ መልስልኝ። አንዴ ብቻ።"

"እትዬ መሳይ፣ አይቻልም። ከማሳያ ሰዓቱ ውጭ አንዲት ምስል ካሳየሁ ከሥራ እባረራለሁ።"

"የት ነው የተነሳው? ያ ገበያ የት ነው?"

"እኔ ዲስክ ተሸካሚ ነኝ፤ ሲቀረጹ አልነበርኩም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያልዞሩበት ገበያ የለም ሲሉ ነው የሰማሁት።" ከዚያ ደግሞ አንገቱን አቀርቅሮ፣ "ነገ አሥር ሰው ከሞላ ይታያል። ካልሞላ ይዤው እሄዳለሁ። አዲስ አበባም ከየአዳራሹ እየወረደ ነው" አላት።

መሳይ መስኮቷን ዘግታ በቀጥታ ደራ ገባች። እናቷ ቤት ግን አልሄደችም። መልክ ከመልክ ይመሳሰላል፤ እሱ ባይሆንስ? አንድ ልጅ ሁለቴ የሞተባት እናት ትተርፋለች? የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ገርባ ዘንድ ሄዳ በር ላይ ቆማ ተናገረች። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሱ።

"ረቢ! አምላኬ! አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ነኝ መርዶውን ያረዳሁት። በነዚህ ከንፈሮቼ።"

"ጋሼ፣ ምን ላድርግ?"

"የሞት መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይኬዳል፣ ባለቤቱ ለብቻው አይነገረውም። የመኖር መርዶ ግን ማን ያውቅበታል?" ጋቢያቸውን አጣፉ። "እንደዚያው ነው የምናደርገው። ሰው ከቧት ትየው። ከሆነ ለደስታዋ እንሆናለን፤ ካልሆነም ብቻዋን አትወድቅም።"

በነጋታው አርባ ሦስት የዕድር ሰው በቅጥቅጥ መኪና ተጭኖ አዳማ ገባ። ከእትዬ አበበች በቀር ሁሉም ያውቃል። እሷን፣ ዕድሩ ለአረጋውያን መዝናኛ አዘጋጅቷል ብለው ነው ያመጧት።

"ዕድር ሲቀብር እንጂ ሲያዝናና አይቼ አላውቅም" ትላለች መንገዱን ሙሉ። "ገርባ፣ ደግሞ ለዚህ ቅጣት አለው እንዳትለኝ!"

መልካሳን እስኪያልፉ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

አቶ ጫምሳ ነጠላና ጋቢ የለበሰው ሕዝብ ከመኪናው ሲራገፍ አይቶ ከደረጃው ወረደ። "ምንድነው? ለቅሶ አለ?"

"ፊልም ልናይ ነው" አሉ ጋሽ ገርባ።

"በጋቢ?"

"በጋቢ አይታይም የሚል የት ላይ ተጽፏል?"

መሳይ ለአርባ ሦስቱም ቲኬት ቆረጠች። ሞቲ ሲቆጥር ሁለቴ ተሳሳተ። መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ተጀመረ፤ ሰላዩ ወደቀ፣ ሱሪው ተቀደደ፣ ኬክ ፊቱ ላይ ተደፋበት፤ ከአርባ ሦስት ሰው አንድ ጥርስ አልታየም። ፍርድ ቤት የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ሞቲ አብዱናሲር ዘንድ ወጥቶ፣ "እነዚህ ሰዎች ከሳንሱር ነው የመጡት?" አለው አሉ።

ገበያው መጣ። ሚዜው ኬሻ ውስጥ ገባ። መሳይ የእናቷን እጅ ያዘች። ተሸካሚው ጎነበሰ፣ አነሳ፣ ጫነ፣ ዞረ።

እትዬ አበበች አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተነሳችና ከዘራዋን ወደ ሸራው ዘረጋች። "ሸክሙን አውርዱለት!" አለች። "ከልጅነቱ ወገቡን እንደሚያመው እያወቃችሁ! አውርዱለት እንጂ፣ ምን ታያላችሁ?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። እልልታውም ልቅሶውም አንድ ላይ ወጣ፤ የሰላዩን ነገር ያየ የለም። ጋሽ ገርባ ብቻ ዓይናቸውን ሸራው ላይ ተክለው፣ "አርሲ ነገሌ ነው! የአርሲ ነገሌ እህል ገበያ! ስንዴዬን የማራግፍበት በረንዳ ነው!" እያሉ ይጮኹ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ሦስቱ፣ እትዬ አበበች፣ መሳይና ጋሽ ገርባ፣ በሞጆ አድርገው፣ ባቱን አልፈው አርሲ ነገሌ ገቡ። ሦስት ሰዓት መንገድ። ለዘጠኝ ዓመት ልቅሶ ሦስት ሰዓት መንገድ! በረንዳው ላይ በቆሎ የምታበጥር ጋዲሴ የምትባል ነጋዴ አገኙ። ጋሽ ገርባ፣ "አካም ጅርታ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ካሏት በኋላ መልኩን ሲነግሯት፣ "እ፣ ዝምታውን ነው የምትሉት። ስሙን ነግሮን አያውቅም፤ ይኸውና" ብላ በእጇ አመለከተች።

ኩንታል ተሸክሞ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ ስለሆነ መጀመሪያ ያየው የእናቱን ከዘራ ነው፣ ቀጥሎ ቀሚሷን፣ ቀጥሎ ፊቷን። ኩንታሉ ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ። ሊያቅፋት አልመጣም። ወደኋላ ማፈግፈግ ጀመረ፤ "በስመ አብ" እያለ ያማትባል።

"እማዬ… አንቺ እኮ ተቀብረሻል!"

"እኔን ማን ቀበረኝ?" አለች እትዬ አበበች። "አንተን ነው እንጂ የቀበርነው!"

ለካስ ወባ ጥሎት ባሕሩ ዳር ቀርቷል፤ ጀልባዋ ያለ እሱ ነው የሄደችው። በእግሩም በመኪናም ብሎ ተመለሰ። ደራ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲያቀና በእናቱ ደጅ ድንኳን ተተክሏል፤ ለቅሶው እስከ መንገድ ይሰማል። ለእሱ የተተከለ ድንኳን መሆኑን በምን ይወቅ! ላሟን ሸጬባት፣ ሳልሰናበታት ሄጄባት፣ በእኔ ብስጭት ሞተች ብሎ ደመደመ። የማንን ዓይን ያያል? ከባሕር ዛፉ ሥር ዞሮ ሄደ። በዚያው ቀን እሷ ለእሱ፣ እሱ ለእሷ፣ በአንድ ድንኳን ተላቀሱ።

ጋዲሴ ወንፊቷን እንደያዘች ቀረች። መሳይ ማልቀስ አቃታት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች። ሰው ጠጋ ብሎ፣ ምነው፣ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም? አንዲት ቃል! እናትየው ግን ሄዳ በከዘራዋ ጭኑን አንዴ መታችው፤ ሁለተኛውን ልትደግም ስታነሳ እላዩ ላይ ወደቀች።

"እዚህ መሆኔን ማን ነገራችሁ?" አለ ኪሩ፣ ብዙ ቆይቶ።

"ፊልም ላይ አየንህ" አለች መሳይ።

"የምን ፊልም? አንድ ቀን ካሜራ የያዙ ሰዎች ምሳ ጋብዘውኝ ያቺን ኬሻ ጫንልን አሉኝ፤ ሌላ የማውቀው የለም።"

"ውስጡ ያለውን ሰውዬ ነዋ የጫንከው!"

"ውስጡ ሰው ነበር እንዴ?" ዓይኑ ፈጠጠ። "እኔ ደግሞ ስንዴው ለምን ይንቀሳቀሳል እያልኩ ነበር!"

በዚህ መሃል የመሳይ ስልክ ጮኸ። አቶ ጫምሳ ነው። "አንቺ የት ነሽ? ሰልፉ መናኸሪያው በር ደርሷል! ደራ፣ መልካሳ፣ የቀረ የለም፤ ሙቱን አሳዩን ይሉኛል። ሰባቷን ሰከንድ ያዩና ተነስተው ይወጣሉ! ሞቲ ቆጠራ አቅቶት ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ ያሉት ባለቤቶች ምን ዓይነት ማስታወቂያ ብትሠሩ ነው እያሉ ይደውላሉ። ምን ልበላቸው?"

"እኔ እንጃ" አለች መሳይ፤ እውነቷን ነው። አዲስ አበባ በሁለት ሳምንት የወረደ ፊልም አዳማ አምስት ሳምንት ይቆያል ብሎ ማን ይገምታል!

እትዬ አበበች ልጇን ክንዱን ይዛ አልለቅ ብላለች። "ተነስ፣ ቤትህ እንሂድ።"

ኪሩ አልተነሳም። መሬት፣ መሬት ያያል። "እማዬ፣ አንድ ነገር አለ። አትቆጪኝ።"

"ምንድነው ደግሞ?"

"እዚህ ደብር… በየዓመቱ ተዝካርሽን አወጣለሁ። ዘጠኝ ጊዜ አውጥቻለሁ። ቄሱ ስምሽን ከሙታን ጋር ይጠሩታል።"

ጋሽ ገርባ እስላም ናቸው፤ ግን እሳቸውም አማተቡ ብላ ጋዲሴ ስታወራ ትኖራለች። እትዬ አበበች ነጠላዋን አጣፋች፣ ከዘራዋን አነሳች።

"ቄሱ ቤት የት ነው?"

"ከዳገቱ በላይ። ምን ልታደርጊ?"

"ቆሜ ይዩኝ!" አለችና፣ ሸክሙ እንደወደቀ፣ ልጇን ከፊት አስቀድማ ዳገቱን ጀመረችው።