የገና አበባው አልቀላም ያለበት ዓመት

አበባ አይቶ መደነቅ የሥራ ፈት ነገር ነው የምል ሰው ነበርሁ። ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አጥር የምንጋራቸው እትዬ የሺመቤት ግን፣ ከእንፍራንዝ ከእህታቸው ግቢ ቆርጠው ያመጧትን አንዲት እንጨት ተክለው ከሰው ቁመት በላይ አሳደጓት። የገና አበባ ናት፤ ሲቆርጧት ነጭ ወተት የምታወጣው። ዓመቱን በአረንጓዴ ትከርምና ኅዳር ሲገባ ጫፏ ላይ ያሉት ቅጠሎች ይቀላሉ። አበባ የምንለው እሱኑ ቅጠል ነው።

ባለቤታቸው የኔታ ወልደ ሐዋርያት ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ግላኮማ ዓይናቸውን እየወሰደው ነው፤ ሐኪሙም የሄደው አይመለስም ብሏቸዋል። ከቀለም ሁሉ ለይተው የሚያዩት ቀይ ብቻ ቀርቷል።

“አበባዋን አንዴ ቀልታ ልያትና ከዚያ ይሂድ” ይላሉ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ እንግዳ እንደሚያወሩ ሁሉ።

እትዬ የሺመቤት ታዲያ መስከረም ላይ ከአበባዋ በላይ ትልቅ አምፖል አሰቀሉ። የኔታ ማታ ማታ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙት እዚያው ሥር ነውና፣ መቅላት ስትጀምር እንዳታመልጣቸው ብለው ነው። አምፖሉ የሚጠፋው ሲነጋ ብቻ ነበር። ጾመ ጽጌ ሊያልቅ ተቃረበ፤ የጎረቤቱ ሁሉ መቅላት ጀመረ፤ የእሳቸው እንደ ጎመን አረንጓዴ። ፍግ ጨመሩ፣ ጠበል ረጩ፣ ወይ ፍንክች!

“ምን በድያት ነው?” ብለው አለቀሱ።

ከቁስቋም ማግስት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ሳምንታት በጨለማ ተቀመጥን። ፍሪጄ ውስጥ በተበላሸው ዓሣ ያልረገምሁት ሰው አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ ግን አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ እልልታ ሰማሁና ሮጥሁ። የላይኞቹ ቅጠሎች ከሥራቸው መቅላት ጀምረዋል። በየቀኑ ቀይ እየጨመረ ሄደ።

ለካስ ጨለማ ኖሯል የምትፈልገው! ረጅም፣ መብራት ያልነካው ሌሊት። እኛ ስንራገም እሷ በዚያው ጨለማ ውስጥ ዝም ብላ ቀይ ትሠራ ነበር። እግዚኦ አልሁ።

“እኔ ነኛ የከለከልኋት! በገዛ እጄ!” እትዬ የሺመቤት ራሳቸውን ያዙ።

“ለእኔ ብለሽ እኮ ነው” አሉ የኔታ።

የገና ዋዜማ መብራት መጣ፤ ሰፈሩ በጩኸት ተናጋ። እትዬ የሺመቤት ወንበር ላይ ወጥተው አምፖሉን ነቀሉት።

በገና ጠዋት የኔታ ከቅዳሴ ተመልሰው አበባዋ ፊት ቆሙ። አንዱን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርገው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

“አየኋት” አሉ። ቀጥለውም፣ “የሺ፣ ነይ እስቲ ከቀዩ መሐል ቁሚልኝ።”

“ኧረ ለምን፣ የኔታ?”

“ቀዩን ሳይ ፊትሽን የት እንደምፈልገው ልወቅ።”

እትዬ የሺመቤት ቅርንጫፉን ገልጠው ገቡ። የኔታም ተጠግተው ብዙ አዩአቸው።