ሴረም የቀመሰው ሳህን

ሥራዬ ሴሎች ሲራመዱ ማየት ነው። ሪያድ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ኤፒተሊያል የሚባሉትን፣ የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑ ሴሎች በሳህን አሳድጋለሁ፤ ምግባቸው ሴረም የሚባል፣ ከጥጃ ደም የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ተጠጋግተው ሳህኑን ሲሞሉት መሃሉን በፒፔት ጫፍ እጭርና የእድገት ፕሮቲን ጠብ አደርግበታለሁ። ፕሮቲኑ የሴሉን ገጽ ሲነካ መልእክቱ ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው እየተላለፈ አክቲን ዘንድ ይደርሳል። አክቲን የሴሉ ማገር ነው፤ ልዩነቱ ቤቱ እንደቆመ ከኋላ እየፈረሰ ከፊት መሠራቱ ነው። አዲሶቹ ክሮች ጠርዙን ወደ ጭረቱ ይገፉታል፣ ሴሉም ይከተላል። ይህን ነገር አይቼ አልጠግበውም።

በአንድ ረመዳን ግን ሥራዬ ተበላሸ። ፕሮቲን ያልጨመርኩበት፣ ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥኩት ሳህንም ጠርዙን ዘርግቶ መራመድ ጀመረ። ሁለቱ ሳህኖች አንድ ከሆኑ ፕሮቲኑ ምንም አልሠራም ማለት ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሯ ምስሎቹን አዩና፣ «እስከሚቀጥለው ስብሰባ ልዩነት ካላሳየሽኝ ጥናቱን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ዓመታት የለፋሁበት ጥናት! ደሜ ፈላ።

«ልዩነቱ አለ፤ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። ጉራ አልነበረም፤ ሴሎቼን አውቃቸዋለሁ።

ፕሮቲኑን ቀየርኩ፣ ማይክሮስኮፑን ፈተሽኩ፣ ማሞቂያውን ለካሁ። ሁሉም ደህና ነው። አንድ ምሽት ወደምንኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሱወይዲ፣ በአውቶቡስ አብረን ስንመለስ ለባልደረባዬ አማረርኩላት። የወሎ ልጅ ናት፤ ቤት እንጋራለን። እሷ ረመዳንን፣ እኔ ሁዳዴን እየጾምን ነበር።

«ከሙከራው በፊት ሴረም ተከልክለው ነው የሚያድሩት» አልኳት። «ሴረም ራሱ ይቀሰቅሳቸዋላ! ታዲያ እነዚህን ማን ቀሰቀሳቸው?»

ፊቷ ተለወጠ። በላቦራቶሪያችን በረመዳን ሁሉም ለማፍጠር ስለሚጣደፍ፣ መጨረሻ የሚወጣው የሁሉንም ሰው ሴሎች መግቦ ይሄዳል። ሰሞኑን መጨረሻ የምትወጣው እሷ ነበረች።

«ወላሂ እህቴ፣ ሴረምሽን ፍሪጅ ውስጥ ሳይነካ አየሁት። በጾሙ ደክመሽ የረሳሽው መሰለኝና ጨመርኩላቸው።»

«ሁልጊዜ?»

«በሄድሽ ቁጥር።»

ልጮህባት አፌን ከፍቼ ሳቄ አመለጠኝ። የሐበሻ ነገር! ሴል እንኳ ጦሙን አያድርም። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ለዶክቶራ እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ፤ ፕሮፌሰሯን ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራቸው። «የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ፣ ሊታደስ ነው፤ ፈቃዱ ያለው በሳቸው እጅ ነው።»

«ስምሽ ከአፌ አይወጣም» አልኳት።

ሙከራውን እንደገና ሠራሁ። ያለ ፕሮቲን ያደረው ሳህን ጭጭ አለ። ፕሮቲን ያገኘው ደግሞ ወዲያው ጠርዙን ዘረጋ፤ ቀለም የነከርኩት አክቲን ከፊት ለፊቱ ደምቆ ይታይ ነበር። ስብሰባው ላይ ምስሎቹን ጎን ለጎን አሳየሁ። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጥሩ። ያለፈው ጊዜስ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ሴረም ገብቶበት ነበር» አልኩ።

«ማን አስገባው?»

ወደሚቀጥለው ምስል አለፍኩ። ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ» አለች ባልደረባዬ። «አዝኜ መገብኳቸው።»

ለእሷ ፈርቼ ዞር ብዬ አየኋት። ፕሮፌሰሯ ሁለታችንንም በየተራ አዩን።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ጥናቱ የአንቺ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ፦ «አንቺ ደግሞ ነገ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ፤ ኢቃማሽን እናሳድስ።»